በለንደን ደረጃ ላይ የወደቀው የቁይ ልጅ

ሐኪሙ ጉሮሮዬን መርምሮ ሲያበቃ ትንሿን መብራት አጠፋና፣ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ፊልም መተርጎም።»

«በጽሑፍ?»

«በአፍ።»

ወጣት ስለሆነ ነገሩ አልገባውም። ለማስረዳት ብሞክር ድምፄ ተሰነጠቀብኝ። «በቃ፣ በቃ፤ ከእንግዲህ ጮክ ብለህ አትናገር» አለኝ። ከሥራ የወጣሁት በዚህ ዓይነት ነው። ጡረታም ሽኝትም አልነበረውም። ቤቴ ገብቼ ማይኩን በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ለሐኪሙ ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው። ደብረ ማርቆስ በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት የነበራት ከተማ ነበረች። ቪዲዮ ቤት ማለት ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ የጭቃ አዳራሽ፣ በረድፍ የተደረደረ አግዳሚ፣ ከፊት አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተርጓሚው ይቀመጣል፤ ያ እኔ ነበርኩ። ተዋናዮቹ በእንግሊዝኛ የሚሉትን ከሥር ከሥር እየተከተልኩ በአማርኛ እላለሁ። ፖሊሱም ሌባውም፣ ሙሽራዋም አማቷም እኔ ነኝ። ጎበዝ ተርጓሚ የሚባለው ሕዝቡ እሱ መኖሩን የረሳለት ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ይባቤ ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ሳያስመሰክሩ ለውትድርና ተመልምለው ሄዱ፤ እዚያ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ሆነው እንግሊዝኛ ለመዱ። ሲመለሱ ካህንም ወታደርም አልነበሩምና ቪዲዮ ቤት ገቡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ኮፍያ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ከሥራ በፊት ለብ ያለ የተልባ ውሃ ይጠጣሉ። አዲስ ፊልም ሲመጣ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው ያዩታል። «ሰዎቹን ቀድመህ እወቃቸው፤ ቋንቋቸው ኋላ ይደርሳል» ይላሉ። ሁለተኛ ኮፍያውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው ያዳምጡታል። ሦስተኛ ነው አይተውም ሰምተውም ማይክ የሚይዙት። አንድ ሕግ ነበራቸው፤ በፊልሙ ውስጥ ሰው ሲሞት አፋቸውን ይዘጋሉ። «ሞት ትርጉም የለውም» ይሉኝ ነበር። ትርጉም የሚለውን ቃል በሁለት መንገድ እንድሰማው ፈልገው እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከእሳቸው ጋር ብዙ ቦታ ዞረናል። ሉማሜ የሠራን ጊዜ ተመልካቹ አውቶቡስ ጠባቂ መንገደኛ ነበር። ጥሩንባ ሲነፋ ፊልሙን እኩሌታው ላይ ጥሎ ይሮጣል፤ አንዳንዱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ልጅቷን አገባት ወይ?» ብሎ ይጮህብኛል። መርጡለ ማርያም ለንግሥ ስንሄድ ጄኔሬተር ጭነን ነው። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለሱ ብዙ አልልም። ረጅሙን ዘመን ያሳለፍኩት ግን ደብረ ማርቆስ፣ የምናለ ቪዲዮ ቤት ነው። ምናለ በዕድሜ ያንሰኛል፤ ለሥራው ትጉ፣ ነገር ግን ችኩል ነበር። የሕንድና የካራቴ ፊልም ብቻ ነው ገበያ የሚስበው ብሎ የሚያምን ሰው ነው።

አንድ ክረምት ከአዲስ አበባ በመጡ ሲዲዎች መካከል ሽፋን የሌለው አንድ ተገኘ። በላዩ በእስክሪብቶ «የእንግሊዝ ማፍያ» ተብሎ ተጽፎበታል። ማፍያ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ታሪኩ ለንደን ውስጥ በአንድ ደሃ ሰፈር የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው። ታላቁ ከእስር ቤት ይወጣል፤ ታናሹ ስለት ይዘው በሚዞሩ የሰፈር ልጆች ቡድን ውስጥ ገብቷል። ፊልሙ በትንሽ ብር የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። ካሜራው በሰው ትከሻ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሙዚቃ የለውም። ዝናቡ የእውነት ዝናብ፣ መንገደኛው የእውነት መንገደኛ ነው። የሚታየው አመድ የመሰለ ረጅም ሕንፃ፣ ባዶ ደረጃና የሚያቃስት ሊፍት ብቻ ነው።

እንደ ልማዳቸው ጋሽ ይባቤ ድምፁን አጥፍተው ከፈቱት። ውጭ ጉም ወርዶ አዳራሹ በቀን ጨልሟል። ጥቂት እንደሄደ አቆሙት።

«ይኸን ሰው አየኸው?»

«የትኛውን?»

«ከኋላ የቆመውን።»

የሰፈሩ ልጆች ከፊት ይሰዳደባሉ። ከኋላቸው፣ ከደረጃው የብረት መደገፊያ አጠገብ፣ ሰፊ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ጠይም ወጣት ቆሟል። ሌላው መንገደኛ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። እሱ ግን አያልፍም። ቀጥ ብሎ ካሜራውን ያያል፤ እኛን ያያል ማለት ነው። ከዚያ ታሪኩ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፤ ልጆቹ ሱቅ ይገባሉ። ጋሽ ይባቤ እንደገና አቆሙት። ዝናብ በሚወርድበት የሱቅ መስታወት ማዶ ያው ካፖርት፣ ያው አቋቋም፣ ያው ዓይን።

«ቤተኛ ሆኗል» አልኩ፣ ለመቀለድ ያህል። ጋሽ ይባቤ አልሳቁም።

ወደ መጨረሻው ላይ የሰፈሩ ልጆች ጠላታቸውን ሲያሳድዱ ደረጃው ላይ አንድ ሰው ከጀርባ ይወጋሉ። ሲገለብጡት የሚፈልጉት ሰው አይደለም፤ ያ ባለካፖርት ነው። ጥለውት ይሮጣሉ። ማን እንደነበረ በፊልሙ ውስጥ የሚጠይቅ የለም። ስሙን የሚጠራ የለም። ሲወድቅ ግን ከንፈሩ አንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል።

ጋሽ ይባቤ ድምፁን ከፍተው፣ ኮፍያውን ደፍተው ያንን ቦታ ደጋግመው አዳመጡ። የዝናብ ድምፅ ብቻ ነው። «ይኸ ሰው ቃል የለውም» አሉኝ። «አንተም ቃል አትስጠው።»

እኔ ግን ሰጠሁት። ማይኩን ይዤ ያ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ሳይ ባዶውን መተው አልሆነልኝም። በደከመ ድምፅ «ለእናቴ ንገሩልኝ» አልኩ። ከኋላ አንድ ሰው ሲንሰቀሰቅ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ያን ፊልም ለዚያች ቃል ብሎ መምጣት ጀመረ። ምናለ ተደሰተ። ጋሽ ይባቤ ግን ያ ፊልም ሲታይ ወጥተው በረንዳ ላይ ይቆሙ ጀመር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፍየል ሸጦ ሲመለስ ዝናብ ያስገባው የቁይ ገበሬ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ሌላው ወጥቶ እሱ ቀረ።

«ያ የወደቀው የጥሩዬ ልጅ፣ ይርሳው ነው» አለ።

«ወዳጄ፣ የእንግሊዝ ፊልም ነው እኮ» አለው ምናለ።

«ይሁን። ይርሳው ነው። ጎረቤቴ ነው፤ አብረን አርሰናል። በባሕር ሲሻገር ሰጠመ ተብሎ መርዶ መጣ። ሬሳ አልነበረም፣ አልቀበርነውም። ተዝካሩን ግን በልቻለሁ» አለ።

ያን ቀን ሁላችንም ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን ዞረን ማየታችን ትዝ ይለኛል። ጥቁሩ መስታወት የእኛኑ መልክ መልሶ ያሳየን ነበር።

ገበሬው ለእናቲቱ ነገራቸው። እኔ በዚያ ሰሞን ለሥራ ሉማሜ ሄጄ ነበር። በተመለስኩበት ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ውሎ ሕዝቡ በር ላይ ሲጉረመርም አገኘሁት። መብራት እንደመጣ ምናለ እየሮጠ ሲዲውን ከተተ፤ እኔም ማይኩን አንሥቼ ጀመርኩ። ሊነግረኝ የሚገባውን በጥድፊያው ረሳው። ከፊት ረድፍ ከል የለበሱ ሴት መቀመጣቸውን አይቻለሁ፤ ማን እንደሆኑ ግን አላወቅሁም።

ካፖርቱ መጀመሪያ ብቅ ሲል ሴትዮዋ ተነሡ። ሰው ጎትቶ አስቀመጣቸው። ከመስታወቱ ማዶ ሲታይ እንደገና ተነሡ፤ አሁን የጎተታቸው የለም። እስከ ደረጃው ድረስ ቆመው ነው ያዩት። ከዚያ ተወጋ። ወደቀ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እኔም እንደ ልማዴ፣

«ለእናቴ ንገሩልኝ» አልኩ።

«አቤት!» አሉ ሴትዮዋ።

ሰው ሲጠራቸው እንደሚመልሱት ነው ያሉት፤ አልጮኹም። «አቤት ይርሳው፣ እዚህ ነኝ። ማነው የመታህ?» ብለው ወደ ቴሌቪዥኑ ተራመዱና ከእግሩ ሥር ተዘረሩ።

ፊልሙ ቀጠለ። ተዋናዮቹ በራሳቸው ቋንቋ ይጯጯኻሉ፤ ከእኔ አፍ ምንም አልወጣም። እስከዚያ ቀን ድረስ ፊልም እየሄደ ዝም ብዬ አላውቅም ነበር። ሴቶች ውሃ ረጭተው እማማ ጥሩዬን ሲያነሷቸው እኔ በርጩማዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ነበርኩ። ልጃቸው በባሕር ሞተ ተብሎ አልቅሰው ነበር፤ አሁን ደግሞ ዓይናቸው እያየ በስለት ሞተባቸው። በራሳቸው ቋንቋ «እናቴ» ብሎ እንዲጠራቸው ያደረግሁት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ይባቤ እማማ ጥሩዬን ካደሩበት ዘመድ ቤት አምጥተው አዳራሹን አስከፈቱ። እኛ ሦስታችን ብቻ ነን። ጉሙ በበሩ እየገባ አግዳሚዎቹ መካከል ይተኛል።

«እትዬ ጥሩዬ» አሉ ጋሽ ይባቤ፣ «ይኸ ጨዋታ ነው። ደሙ ቀለም ነው። የወደቀው ተነሥቶ ካፖርቱን አራግፎ ሄዷል።»

«ሲናገር ሰምቼዋለሁ።»

«የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ እናቴ» አልኩ። «እሱ ምንም አላለም።»

ዞረው አዩኝ። ዓይናቸው ያን ጠዋት እንባ አልነበረውም። «አንተ? እስቲ በለው።»

ጋሽ ይባቤን አየኋቸው፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ማይክ የለ፣ ሥዕል የለ፤ ፊት ለፊታቸው ቆሜ «ለእናቴ ንገሩልኝ» አልኩ። እማማ ጥሩዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«አይደለም» አሉ። «ይኸ ያንተ ነው። ያ የእሱ ነበር።»

አሁን በእርጋታ ሳስበው የተናገርኩት እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ። ያን ጠዋት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላወቅሁም።

ጋሽ ይባቤ ክርክሩን ትተው ሲዲውን ከፈቱ። ድምፁን አጠፉ። ወደ ደረጃው አሳለፉትና ልጆቹ ከሸሹ በኋላ ያለው ቦታ ላይ ደረሱ። ካሜራው ከራቀ ቦታ የወደቀውን ብቻ ያሳያል። ጎበዝ ፊልም ሠሪ ቢሆን ቶሎ ይቆርጠው ነበር፤ ያ ግን ዘግይቷል።

«ካፖርቱን እዩ፣ እትዬ። ሁለተኛውን ቁልፍ።»

ተንበረከኩ። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ቁልፉ በጣም በቀስታ ከፍ አለ። ዝቅ አለ። እንደገና ከፍ አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ስተረጉመው እኔም አላየሁትም ነበር። እማማ ጥሩዬ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ፤ ሳያውቁት የራሳቸው ትንፋሽ ከቁልፉ ጋር መሄድ ጀመረ።

«ይተነፍሳል» አሉ።

«ይተነፍሳል።»

«ባሕሩስ?»

«በባሕር ያለቀ ሰው ለንደን ገብቶ በስለት አይወጋም፣ እትዬ። ስሙን ይርሳው ብላችሁ አወጣችሁለት፤ ሞት ራሱ ረስቶት ይሆናል።»

እልል ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እማማ ጥሩዬ ግን እጃቸውን ከመስታወቱ እንደተቃጠለ ሰው ሳብ አድርገው ከላቸውን በደረታቸው ላይ ሰበሰቡ።

«ታዲያ ያበላሁት የማንን ተዝካር ነው?» አሉ።



ሥዕሉን ፊቱ ላይ አቁመን በሞባይል የቴሌቪዥኑን መስታወት ፎቶ አነሣን። ለንደን የምትኖር የምናለ የአክስት ልጅ ነበረች፤ ለእሷ ተላከ። እሷም በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ለሚሰበሰቡት ያገራችን ሰዎች እያዞረች አሳየች። ምላሹ ዘገየ። በዚያ መካከል ወሬው ከተማውን ሞላው። ከፊት ረድፍ የሚቀመጥ ጠፋ። በበሩ ሲያልፉ የሚያማትቡ አሮጊቶች ነበሩ። ምናለ ሲዲውን በሌላ ተርጓሚ ሊያሳየው ፈልጎ፣ ማንም ማይኩን አልይዝ አለው።

እማማ ጥሩዬ ግን በየገበያው ቀን ከቁይ ይመጡ ነበር። «ትንፋሹን ብቻ» ይሉኛል። ሌላውን ፊልም አይፈልጉትም። ከፍቼላቸው ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ሳልናገር። አንድ ቀን ሲዲው በመደጋገም ተጭሮ ኖሮ ሥዕሉ ቆመ። ቁልፉ ከፍ እንዳለ ቀረ።

«ቆመ!» ብለው ተነሡ። «ቆመ እኮ! አንተ ሰው፣ ቆመ!»

ሲዲውን አውጥቼ በሸሚዜ ጠረግሁት። ሁለቴ ወደቀብኝ። መልሼ ስከተው ማሽኑ ጥቂት አጉረመረመና ቁልፉ ዝቅ አለ። እማማ ጥሩዬ ከአግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። እኔም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

ክረምቱ አልፎ፣ እህል ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ምላሽ መጣ። ሰውየው ሌላ ከተማ መኪና ሲያጥብ ተገኝቷል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይደውላል ተባለ። እማማ ጥሩዬ ነጠላቸው ከል እንደሆነ መጡ። ስልኩ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እኔን ፊት ለፊታቸው አስቀመጡኝና፣

«አፍህን በእጅህ ያዝ» አሉኝ።

ያዝኩ። ስልኩ ጮኸ። ምናለ ከፈተው።

«እማ» አለ ድምፁ።

እማማ ጥሩዬ የሚያዩት ስልኩን አልነበረም፤ የእኔን አፍ ነበር። አልመለሱለትም። እንደገና «እማ» ሲል፣ ዓይናቸውን ከእጄ ሳይነቅሉ ጠየቁት።

«በሬዎቻችን ማንና ማን ነበሩ?»

«ቦራና ዳማ።»

«ቦራን ለማን ሸጥነው?»

«አልሸጥነውም። ገደል ገባ። አንቺ ነሽ ያየሽው።»

ያኔ አፌን እንድለቅ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። «ተዝካርህ ወጥቷል» አሉት።

«ሰምቻለሁ፣ እማ።»

«ሰምተህ ነው ዝም ያልከው?»

ድምፁ እየተቆራረጠ ነገራቸው። የሰጠመው ጀልባ ላይ መሳፈር የነበረበት እሱ ነበር፤ ተገፍቶ ወደቀና አመለጠው። ጓደኛው የተሳፈረ መስሎት መርዶውን ላከ። እሱ ሊቢያ ታስሮ ከረመ። ለንደን ገብቶ ስልክ ሲያገኝ እናቱ አልቅሳ፣ ተዝካር አውጥታ፣ ትንሽ መለስ እንዳለች ሰማ። ወረቀት አልነበረውም፤ ነገ ይባረር ይቆይ አያውቅም። «አንዴ አልቅሰሽልኛል፤ ሁለተኛ እንዳላስለቅስሽ ብዬ ነው» አለ። ፊልሙን ሲጠይቁት ጊዜ ወስዶበት ነው ያስታወሰው። የሚያድርበት ሕንፃ ሥር ሰዎች ካሜራ ይዘው መጡ፤ ሥራ ስላልነበረው ቆሞ ያያቸው፣ ወደ ሌላ ሰፈር ሲሄዱም ይከተላቸው ነበር። ሁልጊዜ ስላዩት አንድ ቀን ምሳ ሰጥተው፣ ወድቀህ ተኛ አሉት። ተኛ።

«ከንፈርህ ምን ይል ነበር?» አልኩ፣ ሳላስበው። ጋሽ ይባቤ በዓይናቸው ገሠጹኝ።

«አላውቅም፣ ጋሼ» አለ ይርሳው። «ደረጃው በጣም ይቀዘቅዝ ነበር።»

ከዚያ በኋላም ሠራሁ። ጋሽ ይባቤ ያን ቃል አንሥተው አልወቀሱኝም። ብቻ በቀጣዩ ፊልም አጠገቤ ተቀመጡና ሰው የሚሞትበት ቦታ ሲደርስ መዳፋቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉ። ዝም አልኩ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ እስኪያርፉ ድረስ አብረን ሠራን። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሰው ሁሉ ፊልሙን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ፤ ምናለም አዳራሹን ለእህል መጋዘን አከራየው። እኔ ንግሥ ባለበት እየዞርኩ ጥቂት ቆየሁ፤ ከዚያ ጉሮሮዬ አበቃ።

ይርሳው ወረቀቱን ያገኘው ዘግይቶ ነው። ይመጣል ተብሎ ሲነገር እማማ ጥሩዬ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ለምን እኔን እንደፈለጉ አልጠየቅሁም። ሉማሜ መኪና ማቆሚያው ጋ ከጠዋት ጀምረን ቆምን። ከላቸውን ገና አልጣሉም። ጉም ነበር፤ አውቶቡሶቹ ከመድረሳቸው በፊት መብራታቸው ብቻ ይታያል።

ወረደ። ወፍሯል፤ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። እናቱን አይቶ እጁን ዘርግቶ ሲመጣ እማማ ጥሩዬ መዳፋቸውን ወደፊት ዘርግተው አቆሙት። ዘመድ ጎረቤቱ ደነገጠ። እሳቸው ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው ቁራሽ ዳቦ አወጡ።

«ብላ» አሉት። «ስትውጥ ልይህ።»

ይርሳው ሳቀና ወደ እኛ ዞረ፤ የሳቀ ሰው እንደሌለ ሲያይ ዳቦውን ተቀበለ። ቆሞ በላ። ረዳቱ ሻንጣ ያወርዳል፣ አውቶቡሱ ያጓራል፣ እማማ ጥሩዬ ሲያኝክና ሲውጥ ጉሮሮውን ያያሉ። ውሃ ሰጡት፤ ጠጣ። የመጨረሻውን ጉርሻ ውጦ ፍርፋሪውን ከእጁ ካራገፈ በኋላ ነው፣

«ልጄ!» ብለው አንገቱ ላይ የወደቁት።